ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት

ሰዓዳ ግድግዳዬን ኖራ የቀባችው ለባለቤቴ አርባ ነበር። እኔ አልጠየቅኋትም። ሐሙስ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ፣ በረንዳዬ ላይ ወንበር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሳሎኑን ጨርሳ የውጭውን ጀምራለች።

«እንግዳ ይህን ጭቃ እያየ ይብላ?» አለችኝ ፊቷን ሳታዞር። «ቅዳሜ ካህናቱ ይመጣሉ፣ ሰው ይመጣል። ግድግዳው ራሱ መርዶ ይመስላል እኮ፣ ቲቸር።»

ሰዓዳ ከእኛ ከፍ ብሎ ባለው መካከለኛ ረድፍ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት። ጎርፉ ስኳሯን አሟሙቶ፣ ዱቄቷን ሊጥ አድርጎባት ነው የሄደው። የራሷ መደርደሪያ ገና ከነጭቃው ቆሞ ሳለ ብሩሽ ይዛ የመጣችው ወደ እኔ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ቦርሳዬን አስቀምጬ ወንበሩን ያዝኩላት።

በማግስቱ ኖራው ደረቀ። ውሃው ግድግዳዬ ላይ ጥሎት የሄደው ቡናማ መስመርም አብሮ ጠፋ። አርባው በደንብ አለፈ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ያን መስመር ባለማየቴ እኔም ለጥቂት ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። ይህን አልደብቅም።

ሰፈራችን ድልድይ ሥር ይባላል፤ አቃቂ በሰቃ፣ ወንዙ ዳር ነው። ሃያ ስድስት ቤት በሦስት ረድፍ ቁልቁል ይወርዳል። ላይኛው ረድፍ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ጥግ ነው፤ ታችኛው ረድፍ ሰባት ቤት ሲሆን የመጨረሻው የእኔ ነው። ቤቱን ያሠሩት የባለቤቴ አባት ናቸው፤ ከፋብሪካ በወጡ በዓመቱ። እኔ በጂኦግራፊ ተመርቄ ሃያ ሦስት ዓመት ያንኑ አስተምሬአለሁ። ወንዝ ሲሞላ የሚተኛበት ሜዳ የራሱ እንደሆነ፣ ሰው በውሰት እንደሚቀመጥበት፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳለሁ። ደወል ሲደወል ወደዚያው ሜዳ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ባለቤቴን ወልደሰንበትን ይህ ሁልጊዜ ያስቀው ነበር። «የአንቺ ትምህርት ለሌላ ሰው ነው» ይለኝ ነበር።

ጎርፉ የመጣው ነሐሴ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ሳሪስ ጥርሴን ልታከም ሄጄ ነበር። ወልደሰንበት ቤት ነበር። በየክረምቱ ውሃው ደፍ ድረስ መጥቶ ስለሚመለስ፣ እንደ ልማዱ በሩን ዘግቶ፣ ከሥሩ ጆንያ ወትፎ፣ ዕቃ ከፍ ከፍ ማድረግ ጀመረ። በራችን የብረት ነው፤ ወደ ውጭ ይከፈታል። መስኮቶቹም ሌባ እንዳይገባ ፍርግርግ አላቸው። ውሃ እንዲህ ያለውን በር ከውጭ ሲገፋው ምን እንደሚሆን ላስረዳው እችል ነበር። ሳሪስ ነበርኩ።

በሩን የሰበሩት ጎረቤቴ ወንድዬና የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ተክሌ ናቸው። ወንድዬ ብረት በያጅ ነው። በሩንም የሠራው እሱ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ጋብ ሲል፣ የትምህርት ቤቱን የእንጨት ማስመሪያ አውጥቼ ከወለሉ እስከ ቡናማው መስመር ለካሁ። ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት። ወልደሰንበት ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ አንድ ነበር። ማስመሪያውን ቦታው መለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። እንዴት እንደሞተ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ጎርፉ ነው» ብዬ አልፍ ነበር፤ ሰውም ደግ ነው፣ ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ልጄ ማህሌት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ተከራይታ ትኖራለች። ከአርባው በኋላ ይዛኝ ሄደች። አንድ ሳምንት ቆየሁ። ቤቷ ደረቅ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ውሃው ከቧንቧ እንጂ ከሌላ ቦታ አይመጣም። በአራተኛው ቀን ከሥራችን ካለው ፎቅ አንድ ሰው ሞተ። ድንኳኑ በቆሙ መኪኖች መሀል ተተከለ። ወርጄ ለመቀመጥ ብሞክር አንዷ ሴት ዞር ብላ «ሟቹ ማን ይባላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

«ይህ እኮ አዲስ ሰፈር ስለሆነ ነው፣ እማዬ» አለችኝ ማህሌት። «አቃቂም ድሮ አዲስ ነበር።»

«እውነትሽን ነው።»

«እና ምን ልትጠብቂ ነው የምትመለሺው? ሌላ ጎርፍ?»

ልጄ ያለችው ሁሉ እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማርኩት ነው። ወንዙ አንዴ መጥቷል፤ ተመልሶ ይመጣል። ፍቅር ግንብ አይሆንም። የሰፈሩን ሰው ስለወደድኩት ውሃው ከደፌ አይመለስልኝም። ይህን እያወቅሁ ነው እሑድ ጠዋት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሚኒባስ የያዝኩት። ለምን እንደሆነ በመንገድ ላይ ራሴን ጠየቅሁ። ያገኘሁት መልስ ለተማረ ሰው የማይመጥን ነበር፦ እልህ። ወንዙ ባሌን ወስዷል፤ ሰፈሩን ጨምሬ አልሰጠውም።

ጥቅምት ላይ ከወረዳው ደብዳቤ መጣ። ባለሙያ መጥታ ውሃው በየቤቱ የደረሰበትን ልክ ትመዘግባለች ይላል። ከግማሽ ሜትር በላይ ውሃ የገባበት ቤት አይታደስም፤ ይፈርሳል። ከዚያ በታች የገባበት ወለሉን ከፍ አድርጎ ሊታደስ ይችላል። የተገኘው ማስረጃ እርስ በርሱ ካልተጣጣመ ግን ለነዋሪው ደህንነት ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ይነሳል።

እሑድ ከሰዓት እድሩ ተሰበሰበ። የእድራችን ቦታ ከላይኛው ረድፍ በላይ፣ ሐዲዱ ጥግ ነው፤ የለቅሶ ድንኳን የምንተክለው እዚያ ነው። ጋሽ ተክሌ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት። የባቡር ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ማንኛውንም ወረቀት ሁለቴ ያነባሉ።

«ግማሽ ሜትር!» አለ አንዱ ከኋላ። «ታችኛው ረድፍ አለቀለት በለኛ።»

ወንድዬ ተነሳ። ሲያወራ እጁ ዝም አይልም። «ማነው ያለቀለት? የቲቸርን ግድግዳ ሂዱና እዩት። እንደ ሙሽራ ነጭ ነው። ከሁሉም በታች ያለው ቤት ንጹሕ ከሆነ፣ ከሱ በላይ ያለነው ምን ሊነካን? እኔም ነገ እቀባለሁ። ኖራ እንደሆነ ሞልቷል።»

«ከጓሮ የፈረሱት አራቱ ማድቤቶችስ?»

«የጭቃ ነበሩ፣ ዝናብ ጣላቸው።»

«የሰዓዳ ስኳርስ?»

«ሰዓዳ ሻይ አፍልታበት ነው» አለ ወንድዬ፤ ሰው ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጣሪያህ ላይ ወጥተህ እንደ ዶሮ ስትጮህ የሰማሁህ እኔ አይደለሁ?» አለች ሰዓዳ። «ያኔ ኖራው የት ነበር?»

ሳቁ ጨመረ። ጎርፉ ከመጣ ወዲህ ሰፈሩ እንዲህ ሲስቅ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ስለዚህም ነው መናገር የከበደኝ።

«ውሃ ደረጃውን ይጠብቃል» አልኩ። «ጋሽ ተክሌ ቤት ጉልበት ጋ ከደረሰ፣ እኛ ቤት ጣሪያ ሥር ደርሷል። የምትመጣው ባለሙያ ይህን ለማወቅ ግድግዳ ማየት አያስፈልጋትም። መሣሪያ ይዛ ነው የምትመጣው።»

«ቲቸር፣ አሁን ክፍል ውስጥ አይደለንም» አለኝ ወንድዬ፤ በክፋት አይደለም። «ጋሽ ተክሌ ቤት የገባው የመንገድ ጎርፍ ነው እንላለን። ከላይ የወረደ። ወንዙ ጓሮ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። በቃ። ሃያ ስድስታችንም እንመለሳለን፣ አንድም ሰው አይቀርም።»

አንድም ሰው አይቀርም ሲል ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከመካከላቸው አንዲት ሴት፣ የታችኛው ረድፏ አስቴር ናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወልደሰንበትስ?» አለች።

ጋሽ ተክሌ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉት። ሲናገሩ እኔን አላዩኝም።

«ነፍሱን ይማረውና… ወንዙ ዳር አዳልጦት ነው እንላለን።»

እኝህ ሰው ናቸው እግሩን ይዘው ያወጡት። ወንድዬ ብብቱን ይዞ፣ እሳቸው እግሩን። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት፤ የሐዘንተኛ ዝምታ እንደፈለጉት ይተረጎማል።

ረቡዕ ከሰዓት ወንድዬ መጣ። አጥሩ ጋ ቆመ እንጂ አልገባም። እጁ እስከ ክርኑ ኖራ ሆኗል።

«የእኔን ጨርሻለሁ» አለ። «የአስቴርንም ቀባሁላት።»

«አየሁት።»

«ቲቸር… ያን በር ወደ ውጭ ይከፈት ያለኝ እሱ ነው። ሳሎኑ ጠባብ ነው፣ ወደ ውስጥ ከተከፈተ ሶፋውን ይነካል አለኝ። እኔ ወደ ውስጥ ነበር ያሰብኩት።»

«አውቃለሁ። እኔም ነበርኩ።»

«እና ሰው ሁሉ ወንዝ ዳር ነው የሞተው ካለ…» የብረት ፍንጣሪ ያቆሰለውን አውራ ጣቱን ያሻል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለቤቱ ብቻ አይደለም የሚቀባው።

«ሻይ ትጠጣለህ?» አልኩት።

«አልጠጣም» ብሎ ሄደ።

ባለሙያዋ እስከምትመጣበት ቅዳሜ ሦስት ቀን ነበረኝ። ሁለት ነገር እያነሳሁ ስጥል ቆየሁ። ዝም ካልኩ ቤቴ ምናልባት ይተርፍልኛል፤ የወልደሰንበት አባት የጣሉት መሠረት፣ ማህሌት ቁመቷን ስትለካበት ያደገችው የበር መቃን፣ ሁሉም። ሰፈሩም ይስቃል፣ ወንድዬም ይተኛል። የምከፍለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባሌ ያልሞተበት ቦታ መሞቱን ማመን። እኔ ደግሞ የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እንዴት እንደሞተ ማወቅ። ከማንም ጋር አልተካፈልኩትም፣ ለልጄ እንኳ አልሰጠኋትም። እንዲሰረቅ ግን አልፈለግሁም።

ባለሙያዋ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መጣች። ሃዊ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት፤ ቦቲ ጫማ አድርጋለች፣ በሦስት እግር የሚቆም መለኪያ ተሸክማለች። ጋሽ ተክሌ ክራቫት አስረው ተቀበሏት። ከላይኛው ረድፍ ጀመረች። እዚያ ምንም የለም። መካከለኛው ረድፍ ላይ ሰዓዳ መደርደሪያዋን አጥባ ነበር። ጋሽ ተክሌም ግድግዳቸውን አስቀብተዋል፤ ግን ከጓዳው ቁምሣጥን ኋላ አላስቀቡም። ቁምሣጥኑ የሚስታቸው ጥሎሽ ነው፣ አራት ሰው አያነሳውም። ሃዊ የእጅ ባትሪዋን ወደ ኋላው አበራች። መስመሩ እዚያ ነበር። ለካችው፦ ሠላሳ ስምንት ሳንቲም።

«ይህ የመንገድ ጎርፍ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ተክሌ።

«ሊሆን ይችላል፣ አባባ» አለች። ጻፈች።

ሰዉ ሁሉ ተከትሏት ወደ ታችኛው ረድፍ ወረደ። ሃዊ ነጮቹን ግድግዳዎች አንድ በአንድ አየች። ጣቷን የወንድዬ ቤት ላይ አሳረፈች፤ ነጭ ሆኖ ተነሳ።

«ትኩስ ነው» አለች።

«ለበዓል ነው» አለ ወንድዬ።

«የትኛው በዓል?»

የሳቀ አልነበረም። ሃዊ መለኪያዋን ጓሮዬ ጥግ ተክላ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች፣ ደመረች፣ ቀነሰች። ከዚያ ደብተሯን ዘጋች።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አለች። «እላይ ያገኘሁት ልክና እዚህ የምትነግሩኝ አይገጥምም። ውሃው ወንዙ ከሆነ እዚህ ከሁለት ሜትር በላይ መድረስ ነበረበት። የመንገድ ጎርፍ ከሆነ ደግሞ ወዴት እንደሄደ የሚያሳይ ነገር የለም። እኔ በ‹ሊሆን ይችላል› መስመር አላሰምርም። አልተጣጣመም ብዬ ነው የምጽፈው።»

አልተጣጣመም ማለት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ተክሌ ክራቫታቸውን ፈታ አደረጉ። ሃዊ ወደ እኔ ዞረች።

«የዚህ ቤት ባለቤት እርስዎ ነዎት? እዚህ ውሃ አልገባም?»

«ገብቷል» አልኩ። «ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት።»

«ቲቸር!» አለ ወንድዬ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ለክቼ ነው።»

«ለምን ለኩት?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደምናገረው ነበር የወጣው።

«ባለቤቴ የሞተው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በር ኋላ። ወንዝ ዳር አይደለም፣ አላዳለጠውም። እሱ የራሱን ቁመት ያውቅ ነበር፤ እኔ የውሃውን ማወቅ ነበረብኝ።»

ከማድቤት ቢላዋ አምጥቼ በበሩ ጎን ያለውን ኖራ መፋቅ ጀመርኩ። ቢላዋው ያንሸራትታል። ከኋላዬ ወንድዬ ይጮሃል። «ሰባት ቤት አፈረስሽ! ሰባት! የራስሽን ጨምሮ! ወልዴ ቢኖር እንዲህ ታደርጊ ነበር?»

«ወልዴ ቢኖር መፋቅ አያስፈልገኝም ነበር» አልኩት ሳልዞር።

አንድ እጅ ቢላዋውን ከእጄ ወሰደው። ሰዓዳ ናት።

«ስጪኝ» አለች። «የት የት እንዳሳሳሁት የማውቀው እኔ ነኝ።» ከዚያ ለሃዊ፦ «እኔ ነኝ የቀባሁት። ለአርባው። ማንንም ለማታለል አልነበረም።»

በሦስት አራት ጭረት ኖራው ተላጠ። ቡናማው መስመር ቀጥ ብሎ እዚያው ነበር። ሃዊ ሜትሯን ዘረጋች። ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት። የዳገቱን ልዩነት ቀንሳ ከጋሽ ተክሌ ቁምሣጥን ልክ ጋር ስታስተያየው በሁለት ሳንቲም ብቻ ተለያየ።

«አሁን ተጣጥሟል?» አልኳት።

«ተጣጥሟል።»

«እንግዲያው ጻፊው። ታችኛው ረድፍ ሰባቱም አይታደሱም፤ የእኔን አንደኛ አድርጊው። መካከለኛው ረድፍ ውሃው ግማሽ ሜትር አልሞላም፤ ወለሉን አንስቶ ይቆያል። ላይኛው ምንም አልነካውም፤ ይቆያል። ይህ የእናንተው ደብዳቤ ነው። እኛ እውነቱን ሰጥተንሻል። ከዚህ መስመር አንድ ጣት ወደ ላይ እንዳትነኪ።»

ሃዊ ደብተሯን መልሳ ከፈተች። «አልነካም» አለች።

«እኛስ?» አለች አስቴር። ስታለቅስ ነበር። «ሰባታችን ኮዬ ፈጬ? ለገጣፎ? የት ነው የምንበተነው?»

«የትም አንበተንም። የእድሩ ቦታ አለ።»

ጋሽ ተክሌ በቁጣ ተነሱብኝ። በሕይወቴ ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። «ያ የለቅሶ ቦታ ነው! አርባ ዓመት ሰው የተላቀሰበት! ድንኳኑን የት ልንተክል ነው?»

«መንገድ ላይ፣ ጋሽ ተክሌ። መጀመሪያ ሰው የሚኖርበት ይኑረው። የምናለቅስበት አይጠፋም።»

«ለሰባት ቤት አይበቃም።»

«ለሰባት ቤት አይበቃም። ለሰባት ክፍል ከነማድቤቱ ይበቃል። በወንዙ ሜዳ ላይ ሳሎን እንዳይጠብብን ብለን በሩን ወደ ውጭ አስከፍተን ነበር፤ ያደረገልንን አይታችኋል።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም ይሆናል። ወንድዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሃዊ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ያንን ቦታ እኔ መፍቀድ አልችልም። የእኔ ሥልጣን አይደለም።»

«እንድትፈቅጂ አልጠየቅሁሽም። የምጠይቅሽ ከውሃው በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ እንድትለኪልን ብቻ ነው። ሌላውን እኛ እንጠይቃለን።»

መለኪያዋን ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። አምስት ሜትር ከሰባ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ለጋሽ ተክሌ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ሁለቴ አነበቡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ አልነበረም። ከሰባቱ ሁለቱ ቤተሰቦች ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ነበር፤ አንደኛው አሁንም ይቀይራል። «የተማረ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው» መባሌን ሰማሁ። ማህሌት ወሬውን ሰምታ ደውላ «በሩ ኋላ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ነገርኳት። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። እንደዚያ አውርተን አናውቅም ነበር። ስንጨርስ ግን «አሁንም ብትመጪ ይሻላል» አለች፤ «አልመጣም» አልኳት፤ «እሺ» ብላ ዘጋችው።

አምስት ሳምንት ተመላለስን። እኔና ጋሽ ተክሌ ከቢሮ ቢሮ፣ ከወንበር ወንበር። አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ «እናት፣ ለምን ራስዎን ያደክማሉ? ሰፈር ማለት እኮ ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ የትም ይሰፍራል» አለኝ። «ልክ ነዎት» አልኩት። «ታዲያ ሰዉ እዚያው እፈልጋለሁ ሲል ምን ይባላል?» መልሱን ለማግኘት ሌላ ሐሙስ ቀጠረኝ። በሐሙሱም ሄድን።

በመጨረሻ ወረቀቱ መጣ። ላይኛውና መካከለኛው ረድፍ ይቆያሉ። የእድሩ ቦታ ለሰባቱ አባወራዎች «በጊዜያዊነት» ተፈቅዷል። ጋሽ ተክሌ ጊዜያዊ የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ሳቁ።

«ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ» አሉ። «እኔም በጊዜያዊነት ነኝ።»

ከዚህ የበለጠ ውሃ አይመጣም ብዬ ለማንም አልማልኩም። ጠይቀውኛል። አምስት ሜትር ከሰባ ብዙ ነው፤ ግን ወንዝ ቁጥር አያነብም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ እኛ እናነባለን። ወንዙ የራሱን ሜዳ ይዟል፤ ከሱ የቀረውን እኛ ይዘናል። ተመልሶ ከመጣ ደግሞ ያኔ እንለካለን፣ ያኔ እንወጣለን። ይህ ሞኝነት ነው የሚል ሰው ካለ፣ እኔም ብዙ ቀን እንደዚያ አስባለሁ። ከዚያ ተነስቼ ሥራዬን እሠራለሁ።

ማፍረስ የጀመርነው ኅዳር ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ታችኛው ረድፍ ያሉት ሁሉ በየደጃቸው ቆመው ይተያያሉ፤ ማንም የራሱን ቤት መንካት አልፈለገም። ከሰዓዳ መሰላል፣ ከጋሽ ተክሌ ጉጠት ተውሼ የእኔን ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የራሴ ሱሪ ስለሌለኝ የወልደሰንበትን ቱታ ለብሻለሁ። ከሥር ሳቅ ሰማሁ።

«ቲቸር፣ ሳተላይት ዲሽ ልትተክይ ነው?»

«ሰዓዳ፣ መሰላሉን ያዢ፤ ወሬሽን ተይ።»

የመጀመሪያው ሚስማር ዝጎ ነበር። ሁለቴ ሳትኩት፣ በሦስተኛው ተነቀለ። ሁለተኛው ቀለለ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ከሥር የወንድዬን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

«ውረጂ» አለ። «ቆርቆሮ ይቆርጥሻል።»

«አልወርድም።»

«ጓንት እንኳ የለሽም።»

«አለኝ፤ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ኪስ ውስጥ ያለ ጓንት ምን ይሠራል?» አለ። «አንቺ ሴትዮ ግትር ነሽ።»

«ያንተ ቤት ቀጥሎ ነው» አልኩት። «እዚያ ላይም እወጣለሁ።»

አራተኛውን ሚስማር ነቅዬ ቆርቆሮውን በሁለት እጄ ወደ ጠርዙ ገፋሁት። ሳየው ወንድዬ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ እግሩን ከፍቶ፣ ከጣሪያው ሥር ቆሟል።

«ያዝ!» አልኩት።

ያዘው። አጥሩ ላይ አስደግፎ ወዲያው ተመለሰ።

«የሚቀጥለው ጠርዙ ታጥፏል» አለ ቀና ብሎ። «ከግራ ጀምሪ።»